ሜኑው ተዘግቶ ሳለ ገጹ ለምን ወደ ጎን ይሸሻል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ሰላም፣ ከደሴ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ላለው የአጎቴ ፔንሲዮን ድረ-ገጽ እየሠራሁለት ነው። ከቀኝ ተንሸራቶ የሚወጣ ሜኑ አለው። የሜኑው ፖዚሽን አብሶሉት ነው፤ ራይቱ ነጌቲቭ 280 ፒክስል፣ ማለትም ከቀኙ ጠርዝ ውጭ። ተዘግቶም ቢሆን ገጹ በስልክ ወደ ጎን ይንሸራተትና ባዶ ነጭ ቦታ ይታያል። ኤችቲኤምኤሉም ቦዲውም ላይ ኦቨርፍሎው ኤክስ ሂድን (ወደ ጎን የተረፈው ይደበቅ) ሳደርግ ቆመ። ግን ከላይ ተጣብቆ (ስቲኪ ሆኖ) ይቀር የነበረው ሄደር፣ የገጹ የላይኛው መስመር፣ አብሮ መሄድ ጀመረ። ሜኑውን ከፍቼ ሳንሸራትት ደግሞ የኋላው ገጽ ይሄዳል። ስዘጋው ገጹ ከላይ ይጀምራል። ሜኑው ያለው ሄደሩ ውስጥ ነው፤ ሄደሩም ብርጭቆ የሚመስል ብዥታ አለው። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። ይሄ ነገር እኔንም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ደንበኞቼ «ገጹ ይወዛወዛል» ነው የሚሉት፤ ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። የኮዶቹን ስም ቡና ላይ ቁጭ ብለን ብናወራ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፤ አንቺ ስትጽፊያቸው ታውቂያቸዋለሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አንቺ አንድ ችግር አድርገሽ ጻፍሽው እንጂ ያለሽ አራት ችግር ነው። ገጹ ወደ ጎን መሸሹ አንድ። ሄደሩ መላቀቁ ሁለት፤ እሱን ያመጣሽው ራስሽ ነሽ፣ አትቀየሚኝ። የኋላው ገጽ መሄዱ ሦስት። ወደ ላይ መዝለሉ አራት። ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ መስመር አይድኑም።

ከጎን መሸሹ እንጀምር። ብራውዘር የገጹን ስፋት የሚለካው ዓይንሽ በሚያየው ብቻ አይደለም። በቀኝ በኩል እስከ መጨረሻው ያለውን ነገር ሁሉ ይቆጥራል። ሻንጣ ዘግተሽ የነጠላሽ ጫፍ ውጭ ሲቀር አስቢው። አንቺ ሻንጣው ተዘግቷል ትያለሽ። ብራውዘሩ ግን እስከ ጥለቱ ጫፍ ነው የሚለካው። ሜኑሽን 280 ፒክስል ወደ ቀኝ አውጥተሽ ስታስቀምጪው ለብራውዘሩ ገጹ 280 ፒክስል ሰፋ ማለት ነው። የሰፋ ገጽ ደግሞ ይንሸራተታል። ያ ነጭ ቦታ ሜኑሽ የተኛበት አልጋ ነው።

«ባለፈው ሜኑውን ከግራ ስሠራው እንዲህ አላደረገም» ካልሽ ልክ ነሽ። ስክሮል ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች የለም። ከግራው ጠርዝ ውጭ የወደቀ ነገር ማንም አይደርስበትም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። ከቀኝ ለሚጀምር የአረብኛ ገጽ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ጊዜ አማርኛም አረብኛም ያለው ድረ-ገጽ ሠርቼ ነበር። አማርኛው ጸጥ ብሎ ተቀመጠ፤ አረብኛው ግን ይወዛወዛል። ኮዱ ያው አንድ ነው። እዚህ ወሎ እንዲህ ዓይነት ሥራ መምጣቱ ስለማይቀር በልብሽ ያዢው።

ኮድ ከመንካትሽ በፊት ግን ጥፋተኛው ሜኑው መሆኑን አረጋግጪ። ኢንስፔክት (የገጹን ኮድ የሚያሳየውን የብራውዘሩን መሣሪያ) ክፈቺና ሜኑውን ዲስፕሌይ ነን አድርጊው፤ ከገጹ ይጠፋል። ገጹ ቆመ? እንግዲያው እሱ ነው። አሁንም ይሸሻል? እንግዲያው ሌላ ሰው አለበት። ሁለቱም አብረው የሚያጠፉበት ጊዜም አለ፤ ሜኑውን አስተካክለሽ ስትጨርሺ «ያው ነው» ብለሽ ተስፋ የምትቆርጪው ያኔ ነው።

ሌላውን ለማደን እኔ የምወደው መንገድ በኮንሶል ነው። በገጹ ላይ ያለውን ኤለመንት ሁሉ በሉፕ እዞርና የቀኝ ጠርዙን በጌት ባውንዲንግ ክላይንት ሬክት እለካለሁ። ከዶክዩመንት ኤለመንቱ ክላይንት ዊድዝ የሚበልጠውን እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። አምስት መስመር አይሞላም። ኮድ መጻፍ የሰለቸሽ ቀን ሁሉም ኤለመንት ላይ ቀይ አውትላይን አድርጊ። ቦርደር እንዳታደርጊ፤ ቦርደር ራሱ ስፋት ይጨምርና ያልነበረ በሽታ ያመጣብሻል። አውትላይን ቦታ አይዝም። ፋየርፎክስ ካለሽ ደግሞ ኢንስፔክተሩ ውስጥ የሚንሸራተተው ኤለመንት አጠገብ «ስክሮል» የሚል ትንሽ ምልክት ያወጣል። እሱን ስትጫኚው ማን እንዳስፋው ያሳይሻል። ለዚህ ሥራ ብቻ ብዬ ፋየርፎክስን ከላፕቶፔ አላጠፋም።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማን መሰለሽ? 100 ቪደብሊው ነው። ሰው «ሙሉ ስፋት» ማለት ይመስለዋል። ዊንዶውስ ላይ ግን በቀኝ በኩል ቆሞ የሚታየውን የስክሮል መስመር ጨምሮ ነው የሚቆጥረው። መስመሩ ደግሞ 15 ወይም 17 ፒክስል ገደማ ይበላል። እሷን ያህል ገጹ ይሸሻል። ስልክ ላይ መስመሩ ከገጹ በላይ ስለሚንሳፈፍ ችግሩ አይታይም። 100 ፐርሰንት በይው፣ አለቀ። ሁለተኛው 100 ፐርሰንት ስፋት ላይ ፓዲንግ የተጨመረበት ሳጥን ነው፤ እሱን ቦክስ ሳይዚንግ ቦርደር ቦክስ ይፈታዋል።

አሁን ወደ ሂድኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሂድን እንዲያ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እንደመደቀን ነው፤ ወለሉ ይደርቃል እንጂ ቀዳዳው አልተደፈነም። የሄደርሽ መላቀቅ እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቦዲው ላይ ብቻ ብትጽፊው ኖሮ ብራውዘሩ ትእዛዙን ከቦዲው ወስዶ ለመላው መስኮት ይሰጠው ነበር። ሄደሩም አይነካም ነበር። አንቺ ግን ኤችቲኤምኤሉም ላይ ጻፍሽው። አሁን መስኮቱ የሚወስደው የኤችቲኤምኤሉን ነው። የቦዲው ትእዛዝ ቦዲው ላይ ቀረ። ኦቨርፍሎው ኤክስ ሂድን ሲሆን ደግሞ አንቺ ያልነካሽው ኦቨርፍሎው ዋይ በራሱ ጊዜ ኦቶ ይሆናል። በዚህ ቦዲው ራሱን የቻለ የሚንሸራተት ሳጥን ሆነ። ስቲኪ ሄደር የሚጣበቀው በቅርቡ ባለው ተንሸራታች ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ቦዲው ነው፤ ቦዲው ደግሞ በውስጡ ምንም አይንሸራተትም፣ የሚንሸራተተው መስኮቱ ነው። ሄደሩ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተጣብቆ አብሮት ሄደ።

ስለዚህ ሁለቱንም መስመር አጥፊያቸው። ሄደሩ ወዲያው ይመለሳል። ነጩ ቦታም ይመለሳል፣ አትደንግጪ።

እውነተኛው መፍትሔ ሜኑውን ፖዚሽን ፊክስድ ማድረግ ነው። ራይቱን ዜሮ አድርጊውና በትራንስፎርም፣ በትራንስሌት ኤክስ 100 ፐርሰንት ወደ ውጭ ግፊው። ሲከፈት ወደ ዜሮ መልሺው። ፊክስድ የሆነ ነገር ከመስኮቱ ጋር የተሰፋ ስለሆነ በገጹ ስፋት ውስጥ አይቆጠርም። 100 ፐርሰንቱም የራሱን የሜኑውን ስፋት ነው የሚያየው፤ ነገ ሜኑውን 320 ብታደርጊው ሌላ ቦታ ሄደሽ ቁጥር መቀየር የለብሽም።

እዚህ ላይ ግን ጉድጓድ አለ። እኔን ሁለት ሌሊት ያስቀመጠኝም እሱ ነው። ፊክስድ ከመስኮቱ ጋር ይሰፋል ያልኩት ወላጆቹ ዝም ካሉ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ትራንስፎርም፣ ፊልተር፣ ባክድሮፕ ፊልተር ወይም ዊል ቼንጅ ትራንስፎርም ካለው ፊክስዱ መስኮቱን ትቶ ወላጁ ላይ ይሰፋል። የአንቺ ሄደር ብርጭቆ የሚመስለው በባክድሮፕ ፊልተር ነው አይደል? ሜኑውም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ፊክስድ ስታደርጊው የሚሆነውን አሁን ልንገርሽ። ቁመቱን 100 ፐርሰንት ብለሽው ከሆነ የሄደሩን ያህል ይሆናል፤ 64 ፒክስል ከሆነ 64። ከአምስቱ ሊንክ አንዱ ብቻ ይታያል፣ ሌላው ተጨፍልቆ ይቀራል። ተገፍቶ ሲወጣም እንደገና ይቆጠራል፤ ነጩ ቦታ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያኔ እኔ ዚ ኢንዴክስ (የትኛው ከላይ ይደረብ የሚለው) ላይ ቁጥር ስደረድር ነበር ያደርኩት። 99፣ ከዚያ 999፣ ከዚያ 9999። ጠዋት ላይ ብዥታዋን በአጋጣሚ ባጠፋት ሁሉ ነገር ተስተካከለ። ራሴን ልመታው ምንም አልቀረኝም።

መፍትሔው ሜኑውን ከሄደሩ ማውጣት ነው። ቦዲው ከመዘጋቱ በፊት መጨረሻ ላይ አስቀምጪው። የመክፈቻው በተን ሄደሩ ውስጥ ይቅር፤ ሜኑው ራሱ ግን የቦዲው ቀጥተኛ ልጅ ይሁን። ብዥታሽንም አታጪም። ቆንጆ ነገር ነው፣ ለሐይቁ ፎቶ ይሄዳል።

ሜኑውን ማውጣት በፍጹም የማይቻልበት ቴምፕሌት ከገጠመሽ ዙሪያው ያለውን ሳጥን ኦቨርፍሎው ኤክስ ክሊፕ በይው። ክሊፕ ይቆርጣል እንጂ እንደ ሂድን ተንሸራታች ሳጥን አይፈጥርም፤ ስቲኪውም ይተርፋል። ክሮም ከስሪት 90፣ ፋየርፎክስ ከ81፣ የአይፎኑ ሳፋሪ ከ16 ጀምሮ ያውቁታል። የቆየ አይፎን የያዘ እንግዳ ግን አይሠራለትም። እኔ እንደ ሁለተኛ መከላከያ ነው የማስቀምጠው።

አንድ ነገር ደግሞ ላፕቶፕሽ ላይ አሁኑኑ ሞክሪ። ሜኑው ተዘግቶ ሳለ የታብ ቁልፉን ደጋግመሽ ተጫኚ። ፎከሱ (ኪቦርዱ አሁን ያለበት ቦታ) የማይታየው ሜኑ ውስጥ ገብቶ ከአንዱ ሊንክ ወደ ሌላው ይዞራል። ሜኑው አብሶሉት ሆኖ በሂድን ተደብቆ ከሆነ ብራውዘሩ ሊንኩን ሊያሳይሽ ብሎ ገጹን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሂድን ጣትን ይከለክላል እንጂ ብራውዘሩን ራሱን አይከለክልም። ገጹ ተጎትቶ ይቀራል፣ በጣትም አትመልሺውም። «አንዳንዴ ብቻ ነው የሚበላሸው» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ለዚህ የተዘጋው ሜኑ ቪዚቢሊቲ ሂድን ይሁን። ግን ወዲያው ካጠፋሽው መንሸራተቱ ሳይታይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እንቅስቃሴው 0.3 ሰከንድ ከሆነ፣ ሲዘጋ የቪዚቢሊቲው ትራንዚሽን 0.3 ሰከንድ ዲሌይ ይኑረው፤ ሲከፈት ዲሌዩ ዜሮ ይሁን። አደራ፣ ቪዚቢሊቲ ሂድን ብቻውን ወደ ጎን መሸሹን አያስቆምም። የማይታይ ሳጥንም ቦታ ይይዛል። ሥራው ታብን መከልከል ነው።

አሁን የኋላው ገጽ። ጣትሽ ሜኑው ላይ ሆኖ ገጹ ለምን ይሄዳል? ብራውዘሩ ስክሮልን ከልጅ ወደ ወላጅ ስለሚያቀብል ነው። ሜኑው መጨረሻው ላይ ሲደርስ «እኔ ጨርሻለሁ፣ አንተ ቀጥል» ብሎ ለገጹ ይሰጠዋል። ሜኑው ላይ ኦቨርፍሎው ዋይ ኦቶ እና ኦቨርስክሮል ቢሄቪየር ኮንቴን ስትጽፊ ቅብብሉ ይቆማል። ክሮም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው፤ ሳፋሪ ግን እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ አልነበረውም።

ሰው እዚህ ላይ «ጽፌዋለሁ፣ አልሠራም» ይላል። ሜኑው አጭር ይሆናል። አምስት ሊንክ ያለው ሜኑ በራሱ የሚንሸራተት ነገር የለውም። የሚንሸራተት ነገር ከሌለው ኮንቴኑን የማይሰሙ ብራውዘሮች አሉ። የፔንሲዮን ሜኑ ደግሞ አጭር ነው፤ ክፍሎች፣ ምግብ፣ ፎቶ፣ መንገድ፣ ስልክ። ስለዚህ ገጹን ራሱን መቆለፍ አለብሽ። ሜኑው ሲከፈት በጃቫስክሪፕት ኤችቲኤምኤሉ ላይ አንድ ክላስ ጨምሪ፤ ክላሱ ኦቨርፍሎው ሂድን ይበል። ሲዘጋ ክላሱን አንሺ። ሂድንን ስሰድብ ቆይቼ እዚህ ስመክርሽ አትሳቂብኝ። እዚህ የሚደበቅ በሽታ የለም፤ ገጹ እንዲቆም ነው የምትፈልጊው።

ላፕቶፕ ላይ ስትቆልፊው የስክሮሉ መስመር ይጠፋና ገጹ በጠቅላላ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ኤችቲኤምኤሉ ላይ ስክሮልባር ገተር ስቴብል ጻፊ፤ ቦታውን ይይዝልሻል። ከኋላ የምታጠቁሪው ጥላ ላይ ደግሞ ተች አክሽን ነን ጨምሪበት፤ ጥላውን ነክቶ የሚጀምር ጣት ገጹን አያንቀሳቅስም።

ሳፋሪው ከስሪት 16 በታች የሆነ አይፎን ይሄን ቁልፍ ይንቀዋል። ለእሱ የቆየው ዘዴ አለ። ገጹ ያለበትን ቦታ ትይዣለሽ፣ ቦዲውን ፊክስድ ታደርጊና ቶፑን በዚያው ልክ ነጌቲቭ ትሰጪዋለሽ። ስትዘጊ ሁሉንም አንስተሽ በስክሮል ቱ ትመልሺዋለሽ። ከተጠቀምሽበት አንድ ወጥመድ አለው። ኤችቲኤምኤልሽ ላይ ስክሮል ቢሄቪየር ስሙዝ ካለ፣ ሜኑውን ስትዘጊ ገጹ ከላይ ተነስቶ በሐረጎ እንደሚወርድ አይሱዙ እየተጠማዘዘ ወደ ቦታው ይወርዳል። ስክሮል ቱው ውስጥ ቢሄቪየሩን ኢንስታንት ብለሽ ስጪው። እኔ ግን ሳይቸግርሽ እዚህ ባትገቢ እመርጣለሁ። በቀላሉ ቁልፍ ጀምሪ። አጎትሽ «የእንግዳ ስልክ ላይ ይሄዳል» ካሉሽ ያኔ ትጨምሪዋለሽ።

ወደ ላይ መዝለሉ ቀላሉ ነው። የመዝጊያዋ ኤክስ ምን ላይ ነው ያለችው? በልምድ ስገምት ሊንክ ናት፤ ኤችሬፍዋም የሃሽ ምልክት ብቻ ነው። ባዶ ሃሽ ለብራውዘሩ «ወደ ገጹ አናት ሂድ» ማለት ነው። አንቺ ዝጋ ትይዋለሽ፣ እሱ ዘግቶ ይወጣል። በተን አድርጊያት፤ ታይፕዋም በተን ይሁን። ያለ ጃቫስክሪፕት በቼክቦክስ የሚሠራውን ሜኑ ገልብጠሽ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የተደበቀው ቼክቦክስ ብዙ ጊዜ ገጹ አናት ላይ በአብሶሉት ይቀመጣል። ሌብሉን ስትነኪ ፎከሱ ወደ ቼክቦክሱ ይሄዳል፣ ብራውዘሩም ፎከሱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቼክቦክሱን ፊክስድ ብታደርጊው መዝለሉ ይቆማል። ከተቻለሽ ግን ዘዴውን ተይው፤ ዘመኑ አልፏል።

ሳልረሳው ሁለት ጥቃቅን። የሜኑውን ቁመት 100 ቪኤች ብለሽ ከሆነ ስልክ ላይ የመጨረሻው ሊንክ ከሥር ተቆርጦ ይቀራል። ቪኤች የአድራሻው መስመር ተሰብስቦ ሲጠፋ ያለውን ትልቁን ቁመት ነው የሚቆጥረው። የአንቺ የመጨረሻ ሊንክ «ይደውሉልን» ከሆነ አጎትሽ ስልክ አይመጣላቸውም። ከሥሩ 100 ዲቪኤች (በዚያች ሰዓት የሚታየውን ቁመት የሚቆጥር) የሚል ሌላ መስመር ጨምሪ። የማያውቀው ብራውዘር ዘሎት የላይኛውን ይይዛል፤ የሰው ስልክ ሁሉ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው የአማርኛ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ ቴምፕሌቶች የሜኑ ሊንክ ላይ ዋይት ስፔስ ኖራፕ ይጽፋሉ። ለእነሱ አጫጭር ቃል ነው፣ ይበቃቸዋል። አንቺ «የመኝታ ክፍሎቻችንና ዋጋቸው» ስትይ ሊንኩ ከ280 ፒክስሉ ያልፋል። ኦቨርፍሎው ዋይ ኦቶ ስላልሽ ኤክሱም ኦቶ ሆኗል። ስለዚህ አሁን ሜኑው ራሱ በውስጡ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። ኖራፑን አንሺው፣ ጽሑፉ ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ።

ይሄን ሁሉ ስትጨርሺ ክሮም ውስጥ መስኮቱን እያጠበብሽ ብቻ አትመኚው። ስልኩን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ በእውነተኛው ጣት ሞክሪ። ሜኑውን ክፈቺና ስልኩን አጋድሚው። ሲጋደም ስፋቱ ሜኑው ከሚጠፋበት መለኪያ ካለፈ ሜኑው ይሰወራል፣ ቁልፉ ግን ኤችቲኤምኤሉ ላይ ይቀራል። ገጹ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ ይላል፣ መዝጊያዋም የለችም። ማች ሚዲያ (በጃቫስክሪፕት የስክሪኑን ስፋት የሚከታተለው) ላይ የቼንጅ አድማጭ አድርገሽ ስፋቱ መለኪያውን ሲያልፍ ክላሱን እንዲያነሳው አድርጊ።